በቤት ስለሚያገለግለው የመተንፈሻ መኪና አስተካከል የተደረገ ንግግር




በየቤቱ ሌሊት ከሚሰማው ድምፅ ሁሉ እንደ ማንኮራፋት የተናቀ የለም። ባል ሲያንኮራፋ ሚስት ጐኑን ነክታ ታገላብጠዋለች፤ ልጆች ይሥቃሉ፤ ነገሩም በዚያው ይቀራል። ነገር ግን የሚያንኮራፋው ሰው ድምፁ ድንገት ጸጥ ብሎ፤ ዐሥር ወይም ሃያ ሰከንድ፤ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የበለጠ ትንፋሹ ከቆመ በኋላ እንደ ታነቀ ሰው ተንፈራግጦ ቢተነፍስ፤ ይህ የሚያስቅ ሳይሆን ሐኪም ሊመረምረው የሚገባ ሕመም ነው።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። ሰው እንቅልፍ ሲይዘው የጉሮሮው ሥጋ ይላላል። አንገቱ የወፈረ፤ መንጋጋው ወደ ኋላ የገባ ወይም ከተፈጥሮው ጉሮሮው የጠበበ እንደ ሆነ፤ ምላሱና እንጥሉ ወደ ኋላ ወርደው የአየሩን መንገድ ይዘጉታል። ደረቱ ለመተንፈስ ይታገላል፤ አየር ግን አይገባም። በደሙ ውስጥ ያለው ኦክሲጂን ይቀንሳል፤ አንጎሉም ደንግጦ ለቅጽበት ይቀሰቅሰዋል። ተኝቶ የነበረው ሰው ይህን ሁሉ አያውቀውም። ጧት ሲነሣ ራሱን ያመዋል፤ ቀን በጠረጴዛው ላይ ያንቀላፋል፤ የደሙ ግፊት ከፍ ይላል፤ አውቶሞቢል ነጂ ከሆነም በመሪው ላይ ሊተኛና የራሱንም የመንገደኞቹንም ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ሐኪሞች የሕመሙን ክብደት የሚለኩት በአንድ ሰዓት ውስጥ ትንፋሹ ስንት ጊዜ እንደሚቆም ወይም በብርቱ እንደሚያንስ ቈጥረው ነው። ከ5 በታች ለአዋቂ ሰው እንደ ደኅና ይቈጠራል፤ ከ15 በላይ መካከለኛ፤ ከ30 በላይ ከባድ ይባላል።

ይህ ሕመም ለሕክምና ሊቃውንት ግልጽ ከሆነ ገና ብዙ ዘመን አልሆነም። እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1836 ጀምሮ በ1837 በጨረሰው ስለ ፒክዊክ ማኅበር በሚናገረው መጽሐፉ ውስጥ ሥራ ላይ እያለ የሚያንቀላፋ ወፍራም ልጅ ስለ ሣለ፤ በ1956 የአሜሪካ ሐኪሞች ይህን የሚመስል ሕመምተኛ ባገኙ ጊዜ ሕመሙን በዚያ መጽሐፍ ስም ጠሩት። (ከዚህም በታች የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽ እየተቋረጠ መሆኑን በምርመራ ያሳዩት በ1965 የፈረንሳይና የጀርመን ሐኪሞች ናቸው። ያን ጊዜና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ለከባዱ ሕመም የነበረው መድኃኒት አንገትን ከፊት በስቶ ቧንቧ ማግባት ነበር። ይህም ሕይወትን ያድን ነበር፤ ነገር ግን ማን በደስታ ይቀበለዋል?

በ1980 በአውስትራልያ በሲድኒ ከተማ ኮሊን ሱሊቫን የተባሉት ሐኪም አየር የሚነፋ ሞተር በቧንቧ ከአፍንጫ ጭምብል ጋር አያይዘው፤ ሕመምተኛው ሌሊቱን ሙሉ በቀላል ግፊት አየር እንዲነፋለት አደረጉ። ጉሮሮው ሳይዘጋ አደረ። በ1981 ዘ ላንሴት በተባለው የሐኪሞች መጽሔት በአምስት ሕመምተኞች ያዩትን አስታወቁ። ዛሬ በዓለም ሁሉ በየመኝታ ቤቱ የሚገኘው መኪና የዚያ ሞተር ልጅ ነው።

የመኪናው አሠራር እጅግ የተራቀቀ አይደለም። ባዶ አቁማዳ ጐኖቹ እርስ በርሳቸው እንደሚጣበቁ፤ ነፋስ ሲገባበትም እንደሚለያዩ፤ የላላ ጉሮሮም በአየር ግፊት ተደግፎ ክፍት ሆኖ ያድራል። ግፊቱ የሚለካው በሴንቲ ሜትር ውሃ ነው፤ ይኸውም አየሩ በቧንቧ ውስጥ ያለውን ውሃ ስንት ሴንቲ ሜትር ሊያነሣ እንደሚችል ማለት ነው። ሱሊቫን የሠሩበት ከ4.5 እስከ 10 ነበር፤ የዛሬዎቹ አንድ ዓይነት ግፊት የሚሰጡ መኪናዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 20 ይደርሳሉ። በባሕር ጠረፍ የከባቢው አየር ግፊት ከ1,000 ሴንቲ ሜትር ውሃ በላይ ስለ ሆነ፤ 10 ማለት ከዚያ አንድ መቶኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ መኪናው ሳንባዬን ያፈነዳዋል ብለው የሚፈሩ ሰዎች ፍርሃታቸው ከልክ ያለፈ ነው።

ዋናው ጥያቄ ለእያንዳንዱ ሰው ስንት ይበቃዋል የሚለው ነው። ይህ በግምት አይታወቅም። በእንቅልፍ መመርመሪያ ክፍል ሕመምተኛው ተኝቶ ሳለ ከ4 ተጀምሮ ቢያንስ አምስት አምስት ደቂቃ እየተጠበቀ በአንድ በአንድ ይጨመራል፤ ትንፋሹ መቆሙ፤ ከዚያም ማንኮራፋቱ እስኪቀር ድረስ ማለት ነው። በጀርባ ሲተኛና በሕልም እንቅልፍ ጊዜ ጉሮሮ ይበልጥ ስለሚዘጋ፤ በጐኑ ተኝቶ ብቻ የተለካ ሰው ቁጥሩ ሊያንስበት ይችላል። ግፊቱን ራሳቸው እየመዘኑ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ መኪናዎችም አሉ፤ ሌላ የሳንባ ወይም የልብ ሕመም ለሌለው ሰው በጣም ጠቃሚዎች ናቸው። ሳንባው ለታመመ ግን ጉሮሮን ብቻ የሚጠብቅ መኪና ላይበቃ ይችላል፤ የሚታለፍበትም ስሕተት ከዚህ ይጀምራል።

ዕድሜዋን ሙሉ በጪስ ቤት እንጀራ ስትጋግር የኖረች አንዲት እናት እንበል። የማገዶ ጪስ ልክ እንደ ትምባሆ የሳንባን ቧንቧዎች እያጠበበ፤ የአየር ከረጢቶቹን እያበላሸ የሚሄድ መሆኑ ዛሬ በሚገባ ታውቋል። ይህች እናት ዳገት ስትወጣ ትደክማለች፤ ታስላለች፤ ደግሞም ታንኮራፋለች። በውጭ አገር የሚኖረው ልጅዋ ነገሩን በስልክ ሰምቶ፤ ሌላ ሰው ሲሠራበት የነበረ የመተንፈሻ መኪና በዘመድ ሻንጣ ይልክላታል። መኪናው ለቀድሞው ባለቤት በ14 እንደ ተስተካከለ ነው። እናቲቱ ለብሳው ታድራለች፤ ጧት ግን ራስዋን ከበፊቱ ይበልጥ ያማታል፤ እስከ ቀትርም ትፈዝዛለች። ልጅዋ፤ «እማዬ፤ ትንሽ ሆኖብሽ ይሆናል፤ ቁጥሩን ከፍ አድርጊው» ይላታል። እርስዋም፤ «ልጄ፤ አየሩስ ይገባል፤ መውጫ ነው ያጣሁት» ትለዋለች።

የእናቲቱ ቃል ከልጅዋ ምክር ይልቅ ለሐኪም ብዙ ይነግረዋል። ቧንቧዎቹ የጠበቡበት ሳንባ አየር ለማስገባት ሳይሆን ለማስወጣት ነው ይበልጥ የሚቸገረው። የገባው ተንፍሶ ሳያልቅ ሌላው ይደረብበታል፤ ደረቱም እንደ ተነፋ ይቀራል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው የተቃጠለ አየርም በደም ውስጥ ይከማቻል። የጧት ራስ ምታት፤ ድብታ፤ የአሳብ መደናገርና የእጅ መንቀጥቀጥ የዚህ መከማቸት ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ ቁጥሩን ከፍ ማድረግ በሩን ከውጭ መግፋት ነው፤ በዚያው ላይ ጭምብሉ አየር ያፈሳል፤ ሆድም በአየር ይነፋል፤ አንዳንድ ሰውም ጉሮሮው ክፍት ሆኖ ሳለ አንጎሉ ትንፋሽ ማዘዙን የሚተውበት ሌላ ዓይነት መቋረጥ ይመጣበታል።

የእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥና የሳንባ ቧንቧዎች መጥበብ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ፤ ሐኪሙ ዴቪድ ፍሌንሊ በ1985 «የተደራረበ ሕመም» የሚል ትርጉም ያለው ስም አወጡለት። ሁለቱ ተደምረው ከየብቻቸው ይልቅ ሌሊት ኦክሲጂንን ዝቅ ያደርጋሉ። በ2010 ከእስጳንያ የወጣ ረዥም ክትትል እንዳመለከተው፤ ይህ የተደራረበ ሕመም ያለባቸውና በመኪና ያልታከሙት ሰዎች ከታከሙት ይልቅ ብዙ ሞተዋል። ስለዚህ መኪናውን አውልቆ መጣልም መፍትሔ አይደለም።

ለእንደዚህ ያለ ሕመምተኛ ሐኪሞች የሚመርጡት ብዙ ጊዜ ባለ ሁለት ግፊቱን መኪና ነው። ሰውየው ሲያስገባ አንድ ግፊት፤ ሲያስወጣ ሌላ ዝቅ ያለ ግፊት ይሰጣል። ታችኛው ግፊት ጉሮሮን ክፍት አድርጎ ይጠብቃል፤ ላይኛው ደግሞ የደከመውን ደረት ያግዛል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው እንግዲህ የተቃጠለውን አየር ጠርጎ የሚያወጣው። ታችኛው 6፤ ላይኛው 16 ቢሆን እገዛው 10 ነው። አንድ ሰው ማንኮራፋቱ ስላልቀረ ታችኛውን ብቻ ወደ 10 ከፍ ቢያደርግና ላይኛውን በ16 ቢተወው፤ ጉሮሮውን ሲከፍት እገዛውን ከ10 ወደ 6 አወረደው ማለት ነው። ይህን ሒሳብ ያላወቀ ሰው ሲያሻሽል እየጐዳ መሆኑ አይታየውም።

ከግፊቱ ሌላ ጊዜም አለ። በደቂቃ 15 ጊዜ የሚተነፍስ ሰው ለአንድ ትንፋሽ 4 ሰከንድ አለው። መኪናው የማስገቢያውን ጊዜ 2 ሰከንድ ቢያደርገው ለማስወጫ የሚቀረው 2 ብቻ ነው፤ 1 ሰከንድ ያህል ቢያደርገው ግን 3 ይቀራል። ለጠበበ ሳንባ ያቺ አንድ ሰከንድ ብዙ ናት። እንዲሁም አየር በደረቱ ታምቆ የቀረበት ሰው ለመተንፈስ ሲጀምር ጥረቱ ወደ መኪናው ሳይደርስ ይቀራል፤ መኪናውም ሳይሰማው ያልፋል፤ ሰውየውና መኪናው ሌሊቱን ሁሉ ሳይገናኙ ያድራሉ። ታችኛውን ግፊት በጥቂቱ ማንሣት አንዳንድ ጊዜ ይህን ያቃናል፤ ዳሩ ግን በአጠገቡ ቁሞ ደረቱን የሚያይና ደሙን የሚመረምር ባለሙያ ሲኖር ነው።

ይህ ልፋት ከንቱ እንዳልሆነ ማስረጃ አለ። በ2014 በታተመ ጥናት በጀርመንና በኦስትርያ 195 ከባድ የሳንባ ሕመምተኞች ተከፍለው፤ ግማሾቹ በቤታቸው ባለ ሁለት ግፊት መኪና ተሰጣቸው፤ ዓላማውም በደማቸው ያለውን የተቃጠለ አየር በእርግጥ ዝቅ ማድረግ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ መኪና ካልተሰጣቸው ከመቶው 33፤ ከተሰጣቸው ከመቶው 12 ሞቱ። በእንግሊዝ አገር ደግሞ 116 ሕመምተኞች ላይ ተደርጎ በ2017 በታተመው ጥናት፤ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ እንደ ገና እስኪመለሱ ወይም እስኪሞቱ የነበረው ጊዜ ኦክሲጂን ብቻ ለተሰጣቸው በመካከለኛ ቁጥር 1.4 ወር ሲሆን፤ መኪናም ለተጨመረላቸው 4.3 ወር ሆነ። በዚህ ጥናት ላይኛው ግፊት በመካከለኛ ቁጥር 24 ነበር። ሕመምተኞቹም የተመረጡት ከብርቱው ሕመም ካገገሙ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይተው ደማቸው እንደ ገና ተመርምሮ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው በዚያ ጊዜ ውስጥ ራሱ ይሻለዋልና። በ2014 በሆላንድ ሳይጠበቅ በቶሎ የተጀመረበት ሌላ ጥናት ጥቅም አላሳየም።

ስለ ኦክሲጂንም ጥቂት መናገር ያሻል፤ ሕዝቡ ኦክሲጂን በበዛ ቁጥር ይሻላል ብሎ ያምናልና። የተቃጠለ አየር ለሚከማችበት ሳንባ ይህ እምነት አደገኛ ነው። ያለ ልክ ሲሰጥ የተቃጠለውን አየር ይጨምራል፤ ሰውየውም ቀልቶ፤ ሞቆት፤ ደኅና የተኛ መስሎ ወደ መሳት ይሄዳል። ስለዚህ ለእንደዚህ ያሉ ሕመምተኞች በጣት ላይ በሚደረገው መለኪያ ከ88 እስከ 92 ከመቶ ይበቃል ተብሎ ይሰጣል እንጂ 100 አይፈለግም። ኦክሲጂኑ በመተንፈሻው መኪና ቧንቧ የሚገባ ከሆነ አስቀድሞ መኪናው ይከፈታል፤ ኋላ ኦክሲጂኑ፤ ሲዘጋም አስቀድሞ ኦክሲጂኑ ይዘጋል፤ ኋላ መኪናው። ይህ ቅደም ተከተል የተገለበጠ እንደ ሆነ ኦክሲጂን በቆመው መኪና ውስጥ ተጠራቅሞ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። በክፍሉም ሻማ፤ ሲጋራ፤ የቡና ምድጃ አይገባም።

እንግዲህ ሕመምተኛው ራሱ ሊነካው የሚገባውና የማይገባው ምንድን ነው? ጭምብሉን ማስተካከል የራሱ ነው። ብዙ ሰው ጭምብሉን ቁጭ ብሎ ያስርና ተኝቶ ያፈስበታል፤ የፊት ሥጋ ሲተኙ ቅርጹን ይለውጣልና። ተኝቶ፤ መኪናውም አየር እየነፋ ሳለ ማሰር ይገባል። ጠርቀም አድርጎ ማሰር ፍሳሹን ያብሳል እንጂ አያቆመውም፤ አፍንጫን ያቆስላል። ጢም ያለው ሰው ወይም አፉን ከፍቶ የሚተኛ ሰው ሌላ ዓይነት ጭምብል ያስፈልገዋል፤ አንዳንዱ አፍንጫን ብቻ፤ አንዳንዱ አፍና አፍንጫን ይሸፍናል። በጭምብሉ ላይ ያሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች የተተነፈሰው አየር የሚወጣባቸው ስለ ሆኑ፤ ያፈሳሉ ብሎ በፕላስተር መድፈን ራስን ማፈን ነው። የአየሩን እርጥበትና ሙቀት ማብዛት ወይም ማሳነስ፤ ሲጀምር በዝግታ ከፍ እንዲል ማድረግ፤ እነዚህም ለሕመምተኛው የተተዉ ናቸው። በዕቃው ውስጥ የሚጨመረው በእንፋሎት የተጣራ፤ ዲስቲልድ የሚባለው ውሃ ሆኖ በየቀኑ ይደፋል። ጭምብሉ በየቀኑ፤ ቧንቧው በየሳምንቱ በቀላል ሳሙና ይታጠባል።

ግፊቶቹ፤ የትንፋሹ ቁጥርና ጊዜው፤ የኦክሲጂኑም መጠን ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይነኩም። ይህ ማለት ቁጥሮቹ ከሕመምተኛው ይሰወሩ ማለት አይደለም። እንዲያውም አንዳንድ ቦታ እንደሚደረገው ቁጥሩን እንደ መንግሥት ምስጢር መደበቅ ተገቢ አይደለም፤ ሕመምተኛው ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፎ ሊይዝ፤ ለምን እንደ ተመረጡም ሊነገረው ይገባል። የማያውቀውን ሰው ነው ጐረቤት የሚመክረው። መኪናው ስንት ሰዓት እንደ ተሠራበት፤ ምን ያህል እንዳፈሰሰና በሰዓት ስንት ጊዜ ትንፋሽ እንደ ተቋረጠ ይመዘግባል፤ ይህ ለሐኪሙ ትልቅ እርዳታ ነው። ነገር ግን መኪናው በደም ውስጥ ያለውን የተቃጠለ አየር አይለካም። መዝገቡ በሰዓት 2 ብቻ ብሎ ሲያሳይ፤ የዚያች እናት ደም ግን ሊመረዝ ይችላል። ይህን የሚያሳየው ከእጅ አንጓ የደም ሥር የሚወሰደው ምርመራ ነው፤ ከ45 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በላይ ሲሆን ተከማችቷል ይባላል። የልብ ድካም ያለበት ሰውም የመኪናውን ዓይነት ራሱ አይምረጥ፤ ትንፋሽን እየተከታተለ ራሱን የሚለዋውጠው አንደኛው ዓይነት ልባቸው በብርቱ በደከመባቸው ሰዎች ላይ ሞትን እንደ ጨመረ በ2015 በታተመ ጥናት ታይቷል።

በዘመድ እጅ ስለሚመጡት መኪናዎች የሚከተለው ይታሰብ። በሌላ ሰው ስም የተስተካከለ መኪና የሌላ ሰው መነጽር ነው፤ ከመለበሱ በፊት በባለሙያ እንደ ገና ይስተካከል። በሰኔ 2021 ፊሊፕስ የተባለው ኩባንያ በውስጣቸው ያለው ድምፅ ማፈኛ ስፖንጅ እየተፈረፈረ ከአየሩ ጋር ሊገባ ስለሚችል ብዙ ሚሊዮን መኪናዎች እንዲመለሱ አስታውቋል፤ ስለዚህ በመኪናው ሥር የተጻፈው ቁጥር ከመልሱ ዝርዝር ጋር ይመሳከር። በኤሌክትሪክ መስጫው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሌለ፤ የአሜሪካው መኪና በ220 ቮልት ሊቃጠል ይችላል።

የደጋው አገር ከፍታም ይቈጠራል። አዲስ አበባም አሥመራም ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናቸው፤ በዚያ የከባቢው አየር ግፊት የባሕር ጠረፉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በሳሳው አየር ውስጥ ሞተሩ ያንኑ ግፊት ለመስጠት ይበልጥ መፍጠን አለበት። አዲሶቹ መኪናዎች ይህን ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ በአሮጌዎቹ አንዳንዶች ግን ከፍታው በእጅ ይሞላ ነበርና ከቆላ ወደ ደጋ የወጣ ሰው ይህን ያስመርምር። መኪናው የሚነፋው በክፍሉ ያለውን አየር ነው። ማጣሪያው አቧራ ይይዛል እንጂ የከሰል መርዝ አይይዝም፤ ስለዚህ መኪናው ባለበት ክፍል ከሰል አይቀጣጠል፤ ጪስ ከሚገባበት ወጥ ቤትም ይራቅ።

ለሹማምንቱ ደግሞ አንድ ነገር አለ። መብራት ለጥገና የሚቋረጥበት ሰዓት አስቀድሞ ቢነገር፤ በመኪና የሚተነፍሱት ቤቶች ባትሪያቸውን ሞልተው ይቆያሉ። የእርጥበት ማሞቂያው ቢዘጋ ባትሪው እጅግ ረዥም ጊዜ ያገለግላል። ባትሪ የሌለው ሰው መብራት ሲጠፋ ጭምብሉን ወዲያው ያውልቅ፤ ራሱን ከፍ አድርጎ በጐኑ ይተኛ፤ ሌሊቱን ያለ መኪና መቆየት የማይችለው ከባድ ሕመምተኛ ግን ወደ ሆስፒታል የሚወስደው ሰው አስቀድሞ ተነግሮት ይደር።